አፌን የዘጋሁበት ክረምት

ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አርባ ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት ሴት ስለ ብዙ ነገር ታስባለች፤ ስለ ሽበቷ፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጇ ትምህርት። እኔ ግን ያን ክረምት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልሞት ነው።

ክረምት ስል ሐምሌና ነሐሴን እንዳታስቡብኝ። የቶሮንቶን ክረምት ማለቴ ነው፤ የአፍንጫ ጸጉር ሳይቀር በረዶ የሚሠራበትን። በዚህ ብርድ ሰው አፉን ቢዘጋ ማንንም አይገርምም። እኔ ስዘጋ ግን ሰው ሁሉ ገረመው፤ ምክንያቱም እኔ አፌ የማይዘጋ ሴት ነኝ። አውቶቡስ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ ጎመን አወራለሁ። እንግሊዝኛውንም የተማርኩት እንዲሁ ነው፤ ክፍል ገብቼ ሳይሆን ከሱቅ ካሸሮች ጋር እየተከራከርኩ፣ ከሻምፑ ጠርሙስ ጀርባ እያነበብኩ። እግዜር ሰውን በሚወደው ነገር ይፈትናል ይባላል፤ እኔን በምላሴ ፈተነኝ።

ነገሩ የጀመረው በጉሮሮ ነው። ኢቶቢኮ የሚገኝ የቀዘቀዘ ምግብ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ውጪው ከዜሮ በታች፣ ውስጡም ከዜሮ በታች፤ ልዩነቱ ውስጡ ይከፈልበታል። ጉሮሮዬን ሲይዘኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሩ አየኝና ቫይረስ ነው፣ ውኃ ጠጪ፣ እረፊ ብሎ ሸኘኝ።

ይህን ለአክስቴ ለእትዬ የሺ ስነግራቸው በድንጋጤ ተነሥተው ቆሙ።

«ውኃ ጠጪ? ለዚህ ነው ሰውየው ዶክተር ድረስ የተማረው? ውኃማ ቧንቧውም ያዛል!»

እትዬ የሺ የእናቴ ታላቅ ናቸው፤ እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ እኔንና ልጄን ሊያን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጥተው ኤግሊንተን ዌስት ካለችው አፓርታማዬ ተቀምጠው ነበር። ሲመጡ ሁለት ሻንጣ በርበሬና ሽሮ፣ በትከሻቸው ደግሞ አንዲት ጥቁር ቦርሳ ይዘው ነበር። ቦርሳዋን ለማንም አይሰጡም፤ ፋርማሲያቸው ናት። ውስጧ ቅባት አለ፣ የዓይን ጠብታ አለ፣ ከሁሉም በላይ ግን ያቺ ቀይና ጥቁር ካፕሱል አለች። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ የሚያድላትን ቀይና ጥቁር ካፕሱል የማያውቅ አበሻ ካለ እጁን ያውጣ። ለጉሮሮ እሷ፣ ለጥርስ እሷ፣ ለሆድ እሷ፤ ትዳር ላይም ተሞክራ ይሆናል።

ዋጥኩ። ተሻለኝ። ምናልባት ሳልውጥም ይሻለኝ ነበር፤ ግን ምስጋናው ለካፕሱሏ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጉሮሮዬ ባሳከከኝ ቁጥር እዋጣለሁ፤ ሲተወኝ አቆማለሁ፤ ሲመለስ እመለሳለሁ። እትዬም ያድሉኛል፣ እኔም አመሰግናለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ምላሴን አየሁት። ነጭ ነው። ወተት የጠጣ ሕፃን ምላስ ዓይነት ነጭ አይደለም፤ እርጎ የተደፋበት ምንጣፍ ይመስላል። በብሩሹ ፈተግኩት። ጥቂት ተላጠና ሥሩ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ አቃጠለኝ። ጉንጬን በጣቴ ገልበጥ አድርጌ አየሁ። እዚያም አለ።

መቼም ሰው ላስቅ ነው የተቀመጥኩት፤ ግን ይህችን ሳልነግራችሁ ፍርሃቴ አይገባችሁም። እናቴ የሞተችው እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። በዚያ ዘመን በሰፈራችን ሰው የሚሞተው በሁለት በሽታ ነበር፤ አንደኛው «የሳንባ ምች»፣ ሁለተኛው «ቆይ ልጆቹ ይውጡ»። እናቴ በሁለተኛው ነው የሞተችው። ከመሞቷ በፊት አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣባት። እትዬ የሺ በየጠዋቱ ጥጥ በእንጨት ላይ ጠቅልለው፣ ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት እየነከሩ አፏን ይቀቡላት ነበር። እናቴ ስትስቅ ሳስታውሳት እስከ ዛሬ ሐምራዊ ነች።

መስተዋቱ ውስጥ እሷን አየኋት።

በርግጥ ካናዳ ስገባ ሜዲካል የሚሉትን ምርመራ ደሜን ሰጥቼ አልፌያለሁ፤ ያ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ የሊያ አባት፣ ካልጋሪ ጠቅልሎ ከመሄዱ በፊት፣ የት የት ያመሽ እንደነበር የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። ዛሬ ያ በሽታ መድኃኒት እንዳለው፣ ሰው ይዞት ዕድሜውን ሙሉ እንደሚኖር ለሌላው የምመክረው እኔ ነኝ። ለሰው ስመክር የነበረኝ እውቀት ለራሴ ሲሆን ከየት ይምጣ! እኔን እትዬ የሺ አሳደጉኝ፤ ሊያን ማን ያሳድግልኛል እያልኩ ብሩሹን እንደያዝኩ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ፈሪ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል የሚል ሰው ፈርቶ አያውቅም። ፈሪ ሥራ ይበዛበታል። መጀመሪያ ካፕሱሉን ጨመርኩ። ነጩም ጨመረ። እንደገና ጨመርኩ፤ እሱም ጨመረ። እልህ ተጋባን።

ቀጥሎ ስልኬን አውጥቼ ስለ ነጭ ምላስ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው መልስ «አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰጋ አይደለም» ይላል፤ ዘለልኩት። ቀና ነገር ለማንበብ ማን ኢንተርኔት ይከፍታል? ወደ ታች ወርጄ ወርጄ የምፈልጋትን አስፈሪ ቃል ሳገኝ፣ ስልኩን የልብስ ቅርጫት ውስጥ ወርውሬ የቆሸሸ ፎጣ ደረብኩበት።

ከዚያ ኩባያ ለየሁ። አንድ ነጭ ኩባያ መርጬ በሊያ ቀይ የጥፍር ቀለም እጀታው ላይ ነጥብ አደረግሁበት። ከሱ በቀር አልጠጣም፤ ሳጥበውም ለብቻው፣ በፈላ ውኃ። በኩባያ እንደማይተላለፍ ከማንም በላይ አውቃለሁ። እጄ ግን አያውቅም።

ይህን ሁሉ በጸጥታ መወጣት እችል ነበር፤ እሑድ ባይመጣ። እሑድ ምሳ ላይ እትዬ የሺ ማጉረስ ይወዳሉ። ጉርሻ ሲሠሩ እንደ ግንበኛ ነው፤ መሠረቱን እንጀራ፣ ግድግዳውን ሥጋ፣ ጣሪያውን ሩብ እንቁላል አድርገው ነው የሚያነሡት። ያን ቀንም አነሡና ወደ አፌ አመጡት። ጣታቸው ምላሴን ሊነካ ነው! አፌን ገጠምኩ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ጉረሺ እንጂ!»

«ጠግቤያለሁ እትዬ።»

«ገና መች ጀመርሽና? እንቺ፣ በሞቴ!»

በዚያ ሰሞን ሰው ሞትን ሲያነሣ መስማት አልችልም ነበር። ደነገጥኩና ጭንቅላቴ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«ጾም ይዣለሁ።»

«በፍስክ እሑድ? ዶሮ ወጥ ፊት ተቀምጠሽ?»

ልጄ ሊያ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሱ ግን ከአፏ ሲወጣ እንግሊዝኛ ሆኖ ነው። «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» ብላ ተነሥታ ልትስመኝ መጣች። ፊቴን አዞርኩባት። ልጄ ቆመች። «ዲድ አይ ዱ ሰምቲንግ?» አለችኝ፤ ምን አጠፋሁ ማለቷ ነው። ወጥ ላሙቅ ብዬ ተነሣሁ። ወጡ ሙቅ ነበር።

ስመለስ ጉርሻው ትሪው ላይ ተመልሶ ተቀምጧል። እትዬ የሺ ግን ትሪውን አያዩም። ዓይናቸው ባለ ቀይ ነጥቡ ኩባያ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ተለወጡ። ጨዋታቸው ቀረ፤ ሳቃቸው ቀረ። ድሮም ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር፤ ለጨዋነት ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚሸፈን ሳቅም ጠፋ። እኛ በልተን ከተነሣን በኋላ ብቻቸውን ይበላሉ፤ ኩባያቸውን ብቻቸውን ያጥባሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሶፋው ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ትኬቴን አስቀይሪልኝ።»

«ምነው እትዬ? ገና ሦስት ወር አለዎት እኮ!»

«በቃኝ። ብዙ ቆየሁ። እንግዳ ሲቆይ ያስቸግራል።»

አወቁ አልኩ በልቤ። እናቴን ያስታመሙ ዓይኖች እንዴት ይስቱታል? እህታቸውን በእጃቸው ቀብረዋል፤ የእህታቸውን ልጅ ደግሞ እንዳይቀብሩ ሊሸሹ ነው። አልፈረድኩባቸውም።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ጸሎት ላይ ሳሉ የማይነካውን ቦርሳ ነካሁ። ካፕሱሎቹን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ከሥር ተገኘች፤ ትንሽ ጠርሙስ፣ ክዳኗ ጥቁር፣ ሆዷ ሐምራዊ። ጂቪ! ይዣት መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቆለፍኩ።

ጂቪን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ቁስል ቀብቶ የሚበቃው መድኃኒት አይደለም፤ ቤተሰብ ይቀባል። ስቸኩል ምላሴን ስል ከንፈሬን፣ ከንፈሬን ስል አገጬን፣ አገጬን ሳብስ አንገቴን ቀባሁ። መታጠቢያው ሐምራዊ፣ ቧንቧው ሐምራዊ፣ የኪራይ ቤቱ ነጭ ግድግዳ ላይ አምስት ሐምራዊ ጣቶች። በሩ ተደበደበ።

«ማሚ! አይ ሃቭ ስኩል!»

«መጣሁ!» ልላት አፌን ስከፍት መስተዋቱን አየሁት። እናቴ ሳቀችልኝ።

ፊቴን በፎጣ ሸፍኜ ወጥቼ መኝታ ቤት ገባሁ። ሊያ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። እትዬ የሺ ከጸሎት ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ ሰማኋቸው። ውኃው ግን አልተከፈተም። ከዚያ በሬ ላይ መጡ። ካፖርታቸውን ነጠላቸው ላይ ደርበው፣ ጥቁሯን ቦርሳ አንግተዋል።

«ተነሺ» አሉኝ።

ኤግሊንተን ላይ ያኔ የአዲሱ የከተማ ባቡር መስመር ሥራ አላለቀም ነበር፤ አውቶቡሱ በየመንገዱ ብርቱካናማ በርሜል እየዞረ ይሄዳል። ቤት ውስጥ የተረፈ የሐኪም ጭምብል አድርጌ ነበር፤ ከከንፈሬ የቀረው ቀለም ግን በጭምብሉ አልፎ ወጣ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ጃማይካዊት አሮጊት አይተውኝ «ኦ ጂሰስ፣ ዳርሊን!» ብለው አንድ ፓኬት ሶፍት ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። በሌላ ቀን ቢሆን የሕይወት ታሪካቸውን ሳላወጣጣ አልወርድም ነበር። ያን ቀን አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁ።

«መቼ ጀመረሽ?» አሉ እትዬ፣ በመስኮት እያዩ።

«ቆየ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያወቁ መስሎኝ ነው። ትኬት ያሉኝ...»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? እኔ የማውቀው የራሴን ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ፍርሃት ጆሮ ይደፍናል።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከሊያ ትንሽ ከፍ ብትል ነው። እትዬም አብረው ገቡ፤ ውጪ ይቆዩ የሚል ሰው ቢኖር እንኳ አይደፍራቸውም ነበር። ጭምብሌን አወረድኩ፤ አፌን ከፈትኩ። ዶክተሯ ባለ ጎማ ወንበሯን ይዛ ወደ ኋላ ተንሸራተተች።

«ምን በልተሽ ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«ማን አዘዘልሽ?»

እናቴ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ጥያቄ ጀመረች። እትዬ የሺ በየጥያቄው እጅጌዬን እየጎተቱ «ምን አለች?» ስለሚሉ አንዱን ለዶክተሯ እመልሳለሁ፣ አንዱን ለእትዬ እተረጉማለሁ። አስም አለሽ ወይ፣ የሚነፋ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ? የለም። ስኳር? አላውቅም።

«አሁን ደግሞ ምን አለች?»

«ሰው ሠራሽ ጥርስ አለሽ ወይ ነው የምትለው።»

የእትዬ እጅ ወደ አፋቸው ሄደ። «ለምን ጠየቀች? እኔን አይታ ነው?»

«ኧረ እኔን ነው! አውልቀው ካላሳደሩት ሥሩ እንዲህ ዓይነት ነገር ያበቅላል ትላለች።»

ዶክተሯ ቀጠለች፤ አንቲባዮቲክ ወስደሻል?

«አልወሰድኩም» አልኩ። እመኑኝ፣ አልዋሸሁም። አንቲባዮቲክ ማለት ለኔ ዶክተር የሚያዘው፣ ፋርማሲ ስምሽን ጠርቶ የሚሰጥሽ ነገር ነው። ቀይና ጥቁሩ ግን የቤት ነው። ሽሮን ማን መድኃኒት ይለዋል?

እትዬ የሺ ግን ያቺን አንዲት ቃል ያለ አስተርጓሚ ሰሙ። ቦርሳቸውን ከፍተው የካፕሱሉን እሽግ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። «አንቲባዮቲክ አለች አይደል? ይኸውላት።»

ዶክተሯ እሽጉን አየች። እኔን አየች። «ይህን ምን ያህል ጊዜ ወሰድሽ?»

«ክረምቱን» አልኳት።

ያስረዳችኝን በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ አለ፤ በብዙ ሰው አፍ ውስጥ አርፎ የሚኖር ጎረቤት ነው። እንዳይባልግ የሚጠብቁት ደግሞ እዚያው አፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እኔ በካፕሱል ዘበኞቹን ስፈጅ ከረምኩ፤ ሌባው ሲገባ ደነገጥኩና የቀሩትን ዘበኞች ጨረስኩለት። የእርሾ ወገን ነው አለች። ይህንን ስተረጉም እትዬ ዓይናቸውን አፈጠጡ።

«እርሾ? በዚህ ብርድ ሊጥ እንኳ አልቦካ ብሎን የለም እንዴ!»

ከዚያ ዶክተሯ ጠፍጣፋ እንጨት አንሥታ ጂቪ ያልደረሰበትን የጉንጬን ውስጥ ፋቀችው። ነጩ እንደ አይብ ተላጠ፤ ሥሩ ቀላ፣ ትንሽም ደማ። «ተፍቆ መነሣቱ አንዱ መለያው ነው» አለች። «ምላስሽን ግን እንዲህ ቀብተሽው በዓይን ብቻ አልፈርድም።» በጥጥ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ጥጡን ቱቦ ውስጥ ከተተችው። ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ካንዲዳ ከሆነ እንደ እንቡጥ የሚያቆጠቁጡ ክብ ክብ ነገሮችና ክር የሚመስሉ ይታያሉ፤ ሳህን ላይ ዘርተው አሳድገውም የትኛው ዘር እንደሆነ ይለያሉ አለችኝ። እኔ አፌ ውስጥ በነፃ ሳሳድገው ለከረምኩት ነገር ይህን ያህል መከራ!

«የደም ምርመራም አዝልሻለሁ» ብላ ቀጠለች። «ስኳር፤ ከተስማማሽ ደግሞ ኤችአይቪ።»

በተራ ድምፅ ነው ያለችው። ልጆቹ ይውጡ አላለችም።

«ልሞት ነው?» አልኳት።

«አፍሽ ላይ ባለው? አትሞቺም። ይህን ካፕሱል ብቻ አቁሚልኝ።» አፍ ውስጥ እያንከባለሉ የሚውጡት ቢጫ ፈሳሽ አዘዘችልኝ። በሐምራዊው ላይ ቢጫ ሲጨመርበት ምን እንደምመስል ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ነጩ እየሳሳ ሲሄድ አያለሁ፤ ልቤ ግን አላመነም። ለለቅሶ የሚመጣ ሰው ፍሪጅ መክፈቱ አይቀርም ብዬ ፍሪጁን አጸዳሁ። ከክሊኒኩ ስልክ ሲደወል መጋዘን ውስጥ የቀዘቀዘ አሳ እየደረደርኩ ነበር።

«ውጤትሽ ደርሷል፤ መጥተሽ ዶክተሯን አነጋግሪ።»

«በስልክ ንገሪኛ!»

«በስልክ አንናገርም።»

ደህና ቢሆን ኖሮ ይነግሩኝ ነበር! አሳው ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አልኩ። ክሊኒኩ ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም፤ ከፊት ለፊቴ የነበረውን የአውቶቡስ ወንበር ጀርባ ብቻ አስታውሳለሁ፤ «ማስቲካ አይለጥፉ» ይላል፤ ተለጥፎበታል።

ዶክተሯ ገና ሳልቀመጥ ተናገረች። «የአፍሽ ካንዲዳ ነው። ስኳርሽ ደህና ነው። ኤችአይቪ የለብሽም።»

«ታዲያ ለምን ጠራችሁኝ?»

«ሁሉንም ሰው እንጠራለን።»

ሁሉንም ሰው! ሳቅሁ፤ ወዲያው አለቀስኩ። ሶፍት ፍለጋ ኪሴን ስፈትሽ የጃማይካዊቷ ፓኬት እዚያው ነበር።

ቤት ስደርስ ሊያን ሶፋው ላይ አጋድሜ ሳምኳት፤ «ማሚ፣ ግሮስ!» ብላ ጉንጯን በእጅጌዋ እስክትጠርግ፣ ከጠረገችም በኋላ። እትዬ የሺ የምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እናቴን፣ መስተዋቱን፣ ኩባያውን ለምን እንደለየሁ።

«የኔን አፍ ተጸይፈሽ መስሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ላንቃዬን ካቃጠለኝ ዓመታት አለፉኝ። በቀይና ጥቁሩ ነው የማስታግሰው። አንቺ ኩባያ ስትለዪ፣ ጉርሻዬን ስትመልሺ፣ ሽታው ደረሰባት ብዬ...»

ምን እንደሚሉ ገና እየገባኝ ሳለ ተነሡ። ከመደርደሪያው ባለ ቀይ ነጥቡን ኩባያ አወረዱ። ውኃ ሞሉበት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሊያም እኔም እያየናቸው፣ ሟቹ ባለቤታቸው እንኳ በሕይወት ዘመናቸው አይተውት የማያውቁትን የላይ ጥርሳቸውን በሙሉ አውልቀው ኩባያው ውስጥ ከተቱት።

አፋቸውን በእጃቸው አልሸፈኑም። «ነገ እኔንም ውሰጂኝ» አሉ።